የፓሽን ፍሩት ሐረግን በመሐል አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ተክሎ ለፍሬ ማብቃት

አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ ፓሽን ፍሩትን የሚያውቀው በጭማቂ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ተክሉን በግቢ አጥር ላይ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ያየውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ዓመት ሙሉ አጥሩን አልብሶ፣ በሚቀጥለው ክረምት ድንገት ጠውልጎ የቀረ ሐረግ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ተክሌን ያጣሁት እንዲሁ ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ባለው ግቢያችን፣ የዝናቡ ውኃ ከጣሪያው ቆርቆሮ በሚንጠባጠብበት መስመር ላይ ተክዬው፣ ሐምሌን በደህና ካለፈ በኋላ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ተዝለፍልፎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረቀ። ስንነቅለው ሥሩ ጠቁሮና ላሽቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተክዬ፣ ከእነዚህም ሁለቱን ለፍሬ አብቅቼ የተረዳሁት፣ የዚህ ሐረግ ከምድር በላይ ያለው ክፍል እጅግ ብርቱ፣ ከምድር በታች ያለው ክፍል ግን እጅግ ስስ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ምክር ሁሉ፣ የቦታ ምርጫውም ሆነ የመትከያው ወር፣ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ነው።

የተክሉ ተፈጥሯዊ አገር ደቡባዊ ብራዚል፣ ፓራጓይና ሰሜናዊ አርጀንቲና ነው። በዚያ በጫካ ዳር የሚበቅል፣ ሌሎች ዛፎችን ተንተርሶ ወደ ብርሃን የሚወጣ ሐረግ ነው። ሥሩ ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ ከላይ ባለው፣ ቅጠል በበሰበሰበትና አየር በሚዘዋወርበት ልል አፈር ውስጥ ወደ ጎን ይሰራጫል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓሲፍሎራ ኤዱሊስ የሚባል ሲሆን፣ ይህን ስም በ1818 እ.ኤ.አ. ያወጣለት እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ሲምስ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ከሕማማት ጋር የተያያዘ ነው። ወደ አሜሪካ ምድር የተሻገሩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የዚህን ወገን አበባ ባዩ ጊዜ፣ ዙሪያውን ያለውን የክር ክብ በእሾህ አክሊል፣ በመሐል ያሉትን ሦስት የሴቴ ዘንጎች በሦስቱ ቅንዋት፣ አምስቱን የወንዴ ክፍሎች በአምስቱ ቁስሎች መስለዋቸዋል። የሰሙነ ሕማማትን ሥርዓት እየተከተለ ላደገ ሰው አበባው ሲፈካ ይህን ማሰብ ከባድ አይደለም። እኔም ለልጆቼ ክፍሎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ ያስረዳሁት በዚህ መንገድ ነው፤ በኋላ በእጅ ስናዳቅል የትኛው ወንዴ፣ የትኛው ሴቴ እንደሆነ ሳይረሱ ቀርተዋል።

ሐምራዊውን እንጂ ቢጫውን አይትከሉ

ከአንድ ዝርያ የሚቆጠሩ ሁለት ዓይነት ተክሎች አሉ። አንደኛው ሲበስል ልጣጩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ የሚሆን፣ መጠኑም ከእንቁላል ብዙም የማይበልጥ ነው። ሁለተኛው ልጣጩ ቢጫ የሚሆን፣ ፍሬው ተለቅ ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። ቢጫው የቆላ ተክል በመሆኑ ሙቀት ይፈልጋል። ሐምራዊው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ደጋማ አየር ይስማማዋል፤ ቀላል ውርጭም በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማል። በጎረቤታችን ኬንያ ሐምራዊው በብዛት የሚለማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። መሐል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እኛ ይህን ተክል የምናሳድገው ከሚመቸው ከፍታ ጥቂት ከፍ ብለን መሆኑን ማወቅ ይገባል። ይህ ማለት አይሆንም ማለት ሳይሆን፣ ዕድገቱ ይዘገያል፣ የቦታ ምርጫውም ከሌላው አካባቢ ይልቅ ይከብዳል ማለት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ፍሬ እስኪያፈሩ መጠበቅ አያስፈልግም። በመንገድ ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ከሚሸጡት ችግኞች መካከል ሲመርጡ ግንዱንና ክር መሳይ መጠምጠሚያውን ይመልከቱ። በቢጫው ዓይነት ላይ እነዚህ ክፍሎች ወደ ቀይ የሚያደላ ጥላ ይኖራቸዋል፤ በሐምራዊው ላይ ግን አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱን የሚለይ ሌላም ትልቅ ነገር አለ። ሐምራዊው በራሱ አበባ ብናኝ ማፍራት ስለሚችል አንድ ተክል ብቻውን ይበቃል፤ ቢጫው ግን በዘር የተለየ ሌላ ተክል በአጠገቡ ካልኖረ ፍሬ አይዝም። ሁለት ሜትር ያህል የአጥር ቦታ ብቻ ላለው የመሐል ከተማ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫውን ይወስንለታል።

ችግኝ ማፍላት

ችግኝ መግዛት ይቀላል፤ ሆኖም ከዘር ማፍላቱ አስቸጋሪ ካለመሆኑም በላይ የዘሩን ምንጭ ለማወቅ ያስችላል። በደንብ የበሰለ፣ ልጣጩ መጨማደድ የጀመረ ሐምራዊ ፍሬ ይግዙ፤ ከውስጡ ያለውን ብርቱካናማ ጭማቂና ዘር በብርጭቆ ውስጥ አድርገው ለሦስት ቀን ያህል ይተዉት። በዚህ ጊዜ ዘሩን የሸፈነው ስስ ከረጢት ይለቅቃል። ከዚያ በወንፊት አጥበው በጥላ ያድርቁት። ዘሩ በቶሎ በተዘራ መጠን በቶሎ ይበቅላል፤ ትኩስ ዘር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ሲል፣ ለወራት የተቀመጠው ግን ከዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል።

እኔ የምዘራው በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ምክንያቱም ያኔ አፈሩ ሞቅ ያለ ስለሆነ ዘሩ ሳይዘገይ ይበቅላል። ክረምቱን ችግኞቹ ከቤቱ ታዛ ሥር፣ ብርሃን በሚያገኙበት ነገር ግን ቀጥተኛ ዝናብ በማይደርስባቸው ቦታ ያሳልፋሉ። ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረው፣ አፈሩን እንዳይደርቅ ሆኖም እንዳይጨቀይ እያደረጉ ይንከባከቡት። በመጀመሪያ የሚወጡት ቅጠሎች ያልተከፋፈሉ ድፍን ቅጠሎች ናቸው፤ ችግኙ እያደገ ሲሄድ ግን የሚወጡት ሦስት ጣት ያላቸው፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ይሆናሉ። ይህን ለውጥ ያየ አንድ ጎረቤቴ ሌላ ተክል የተሸጠለት መስሎት ሊነቅለው ደርሶ ነበርና፣ የተፈጥሮው መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ቦታና ጊዜ

ፀሐይ፣ ሙቀት የሚይዝ ግድግዳ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር፦ ሦስቱ በአንድ ላይ የሚገኙበትን ቦታ መፈለግ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው፤ ለዚህ አንድ ሳምንት ቢያጠፉ አያስቆጭም። በተለያየ ሰዓት ወደ ግቢው እየወጡ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ ይመልከቱ። በከተማችን በዝናብ ወራት ደመናው ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ የማለዳው ፀሐይ ከከሰዓቱ ይልቅ የሚታመን ነው። በመሆኑም ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ግድግዳ ለዚህ ተክል እጅግ ጥሩ ነው። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነውም መልካም ነው፤ ምክንያቱም በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይሞቃል።

በአሮጌ ግቢዎች የሚገኘው የጥርብ ድንጋይ አጥር ከሁሉ ይመረጣል፤ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቅቃልና ከፍታችን የሚያጎድለውን ሙቀት በከፊል ይተካል። የቆርቆሮ አጥር ግን በተቃራኒው ነው፤ ቀን ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ያላችሁ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ከሆነ፣ ሐረጉ የሚወጣበትን ሽቦ ከቆርቆሮው ቢያንስ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል። ረዣዥም ሕንፃዎች በዙሪያችሁ እየተሠሩ ከሆነም ዛሬ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ በሚቀጥለው ዓመት ጥላ ሊሆን እንደሚችል አስቡበት።

ከዚያ አፈሩን ፈትኑ። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ አንድ ባልዲ ውኃ ጨምሩበት፤ ውኃው ከጠለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሙሉና በማግስቱ ተመልከቱ። ውኃው እዚያው ከቆየ፣ በተለይም አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ በጉድጓድ ውስጥ መትከል ተክሉን በገንዳ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። መፍትሔው ወደ ላይ መሥራት ነው፤ ሠላሳ ወይም አርባ ሴንቲ ሜትር ከፍታና አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ሠርታችሁ ችግኙን በጉብታው ጫፍ ትተክላላችሁ። በእኔ አስተያየት ቀይ አፈር ባለበት ግቢም ቢሆን ጉብታው መቅረት የለበትም። ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱን ዝናብ ትልቅ ድርሻ የሚያወርዱባት ከተማ ውስጥ ነን፤ ለአንድ ሳምንት ውኃ ውስጥ የቆመ የፓሽን ፍሩት ሥር አያገግምም።

መሐል ከተማ ውስጥ ሌላም የተደበቀ ችግር አለ። በብዙ ግቢ ከላይ ያለው አፈር ቢነሣ ከሥሩ የሚገኘው የግንባታ ፍርስራሽ፣ ኖራና የሲሚንቶ ቅሪት ነው። ይህ ተክል በመጠኑ አሲዳማ የሆነ ወይም ገለልተኛ አፈር ይወዳል፤ ኖራና ሲሚንቶ ግን አፈሩን ወደ ተቃራኒው ይለውጡታል። በዚህም የተነሣ የአዲስ ቅጠሎች ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተው በጅማቶቹ መካከል ያለው ክፍል ቢጫ ይሆናል፤ ምንም ያህል ፍግ ቢጨመርም አይሻላቸውም። ስለዚህ ከግድግዳው መሠረት ቢያንስ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ በየአቅጣጫው ስድሳ ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ፣ ፍርስራሹን በሙሉ አውጡ። የምትመልሱት አፈር ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ሆኖ፣ ከባድ አፈር ከሆነ አሸዋ ይጨመርበት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

አገራችን ችግኝ የሚተከለው በክረምት ነው፤ ለዛፍ ይህ ትክክል ነው። ለዚህ ሐረግ ግን፣ ቢያንስ በመሐል አዲስ አበባ፣ ሐምሌ መትከልን እቃወማለሁ። ትንሽ ችግኝ፣ ቀዝቃዛና ውኃ የጠገበ አፈር፣ ለሳምንታት የማይታይ ፀሐይ፦ ሥር ለማበስበስ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ የለም። እኔ የምተክለው ከመስቀል በኋላ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ አፈሩ ገና እርጥበት አለው፣ ፀሐዩም ተመልሷል፣ ከሁሉም በላይ ተክሉ የሚቀጥለው ክረምት እስኪመጣ ድረስ ስምንት ወር ያህል ሥር የሚሰድበት ጊዜ ያገኛል። የዚህ ዋጋው በጋውን በሙሉ ውኃ ማጠጣት ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃ በመጣበት ቀን ሮቶ ወይም በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል። ለአዲስ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጄሪካን ያህል ይበቃዋል። በግንዱ ዙሪያ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ብትጎዘጉዙለት እርጥበቱ ይቆያል፤ ስስ የሆነውን ሥርም ከፀሐይ ይጠብቀዋል። በዙሪያው የሚበቅለውን አረም በእጅ ንቀሉ እንጂ በዶማ አትኮትኩቱ፤ ሥሩ ከመሬቱ ገጽ ብዙም አይርቅምና ይቆረጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብርድ ሲሆን ትንሹን ተክል ማታ በጆንያ ሸፍኖ ጠዋት መግለጥ የመጀመሪያውን ዓመት ያሻግረዋል።

ግቢ የሌለው፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ካለው በትልቅ ዕቃ መትከል ይችላል። ዕቃው ከሃምሳ ሊትር ማነስ የለበትም፤ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ይሆናል። ታችኛውን ክፍል በደንብ በስታችሁ ከሥር አንድ ስንዝር ያህል ቀይ አሽ አድርጉበት። በዕቃ ያለ ተክል ቶሎ ስለሚጠማ ውኃውን ደጋግሞ ይፈልጋል፤ ከመሬት ከተተከለው ያነሰ ፍሬ እንደሚሰጥም ከወዲሁ መቀበል ያስፈልጋል።

ማስወጣትና መግረዝ

ሐረጉ የሚንጠለጠልበት ነገር ተክሉ ከመተከሉ በፊት መዘጋጀት አለበት፤ በኋላ ሲሠራ ሥሩ ይረገጣል፣ ግንዱም ይሰበራል። በሁለት ቋሚዎች መካከል፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተወጠረ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ ይበቃል። ቋሚው የባሕር ዛፍ ወይም ቱቦላሬ ሊሆን ይችላል፤ ያገለገለ ብረትና ሽቦ በርካሽ የሚፈልግ ሰው መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገኛል። ሙሉ ቅጠልና ፍሬ የተሸከመ፣ በዝናብ የራሰ ሐረግ ከሚገመተው በላይ ይከብዳልና ቋሚዎቹ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት መግባት አለባቸው። የመብራት ገመድ በሚያልፍበት አጠገብ ፈጽሞ አትትከሉት፤ መጠምጠሚያዎቹ ያገኙትን ሁሉ ይይዛሉ።

ችግኙ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ ማውጣት ይፈልጋል። አንድ ጠንካራውን መርጣችሁ በገመድ ወደ ሽቦው ምሩት፤ ከጎን የሚወጡትን ሁሉ ገና ትንንሽ ሳሉ አንሷቸው። ጫፉ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይቆረጥ፤ ከዚያ ሁለት ቅርንጫፎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሽቦው ላይ ይዘረጋሉ። ከእነዚህ ክንዶች ወደ ታች እንደ መጋረጃ የሚወርዱት ሐረጎች ናቸው ፍሬ የሚሰጡት። መሬት እንዳይነኩ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ይቆረጡ።

መግረዝ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ተክል ግን አበባ የሚያወጣው በዚያው ወቅት በበቀለ አዲስ ሐረግ ላይ ብቻ ነው። ያልተገረዘ ሐረግ በየዓመቱ ፍሬውን ወደ ጫፉ እያራቀ ይሄዳል፤ መሐሉ አየርና ብርሃን የማይገባው የደረቀ ቅጠል ክምር ይሆንና የበሽታ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት፣ የበልግ ዝናብ ሳይገፋ፣ ያፈሩትን ሐረጎች ከክንዱ ሁለት ሦስት አንጓ አስቀርታችሁ ቁረጡ። ዋናዎቹን ክንዶች አትንኩ። መቀሱን ከተክል ወደ ተክል ስትሄዱ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ነክራችሁ አለቅልቁ። ፍሬውን አጠንክሮ የሚያሳንስ፣ ቅጠሉንም የሚያዥጎረጉር ቫይረስ ይህን ተክል ያጠቃል፤ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ መቀስ ነው፣ ሌላው ደግሞ ክሽክሽ የምንለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ከተገረዘ በኋላና እንደገና በመስከረም አንድ አንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ በቂ ነው። ዩሪያን እንዲሁ መበተን ቅጠሉን ያፋፋዋል እንጂ አበባ አይጨምርለትም። አጥሩን ሙሉ ለሙሉ የሸፈነ፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ ነገር ግን አንድም አበባ የሌለው ሐረግ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

አበባና ፍሬ

በከተማችን ከተተከለ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ አበባ ይጠበቃል። እምቡጡ ሦስት አረንጓዴ ቅጠል መሳይ ሽፋኖች አቅፈውት ይወጣል። ሲፈካ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው፣ ነጭ ሆኖ የክሮቹ ሥር ሐምራዊ የሆነ፣ ሽታውም ደስ የሚል አበባ ነው። አንዱ አበባ የሚኖረው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሐምራዊው ዓይነት አበባ ማለዳ ተከፍቶ ወደ ቀትር ይዘጋል፤ ስለዚህ ሥራ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ወራት ሙሉ አበባውን ሳያየው ሊቀር ይችላል።

ተክሉ በራሱ ብናኝ ማፍራት ይችላል ማለት ብናኙ በራሱ ይደርሳል ማለት አይደለም። ብናኙ ከባድና ተለጣፊ ስለሆነ ነፋስ አያነሣውም። የማር ንብ ትመጣለች፤ ነገር ግን ትንሽ ስለሆነች የአበባውን ማር ልሳ ከላይ ያሉትን ክፍሎች ሳትነካ ልትመለስ ትችላለች። ይህን ሥራ በሚገባ የምትሠራው ደረቅ እንጨት ቦርቡራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ናት። ብዙ ሰው ድምፅዋን ፈርቶ ያባርራታል፤ ቋሚውን ትበላለች ብሎ ቀዳዳዋን በጭቃ የሚደፍንም አለ። እባካችሁ ተዉአት። በግቢው ጥግ አንድ አሮጌ፣ ደረቅና ለሌላ ሥራ የማይፈለግ ግንድ ብታቆሙላት የቤቱን እንጨት ትታ እዚያ ልትሰፍር ትችላለች። በአበባ ወቅትም ፀረ ተባይ አትርጩ።

ንቧ ካልመጣች በእጅ ማዳቀል ይቻላል፤ በቅዝቃዜ ወራት ይህን ማድረግ ፍሬውን በግልጽ ይጨምራል። አበባው እንደተከፈተ ሦስቱ የሴቴ ዘንጎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ቆየት ሲሉ ወደ ታች ይታጠፉና ወደ ወንዴው ክፍሎች ይጠጋሉ። ሥራው የሚሠራው ያኔ ነው። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ወይም የጆሮ ጥጥ ወስዳችሁ ከአምስቱ ወንዴ ክፍሎች ሥር ያለውን ቢጫ ብናኝ አንሡና በሦስቱም የሴቴ ጫፎች ላይ በቀስታ ቀቡ። አንዱን ብቻ መቀባት ፍሬው ትንሽና ውስጡ ባዶ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ምክንያቱም የጭማቂው መጠን በውስጡ ካሉት ዘሮች ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። ብናኙ ውኃ ሲነካው ስለሚፈነዳ አበባው እርጥብ ሆኖ ሳለ መሞከር ከንቱ ነው፤ ከሥራው በኋላም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዝናብ ባይነካው ይመረጣል። የእኔ ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ያለችውን ጊዜ ለዚህ ያውሏታል።

በቅጠሉ አንገት ላይ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ፤ ጣፋጭ ፈሳሽ ያመነጫሉና ጉንዳን ይሰበሰብባቸዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጉንዳኑም ተክሉን አይጎዳውም። ጉንዳኑ ከክሽክሽ ጋር በቡቃያው ጫፍ ላይ ከተሰበሰበ ግን ክሽክሹን በሳሙና ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ፍሬው ከተያዘ በኋላ ለመብሰል በተለምዶ ከሁለት እስከ ሁለት ወር ተኩል ይወስዳል፤ በእኛ ብርድ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ሙሉ መጠኑን ቀደም ብሎ ስለሚይዝ በአረንጓዴነቱ ለመልቀም ያጓጓል፤ ይህ መደረግ የለበትም። ጥሬው ፍሬና ቅጠሉ በሰውነት ውስጥ ሳይናይድ የተባለ መርዝ የሚለቁ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ ልጆች እንዳይበሏቸው፣ ቅጠሉም እንደ ሻይ እንዳይፈላ ለቤተሰብ ሁሉ መንገር ይገባል። የበሰለ ፍሬ በራሱ ይወድቃል። በየጠዋቱ ከሥሩ መልቀም ነው፤ በክረምት ከሁለት ቀን በላይ በእርጥብ መሬት ከተቀመጠ ይሻግታል። የተጨማደደ ልጣጭ የተበላሸ የሚመስለው ሰው አለ፤ እንዲያውም ጥቂት የተጨማደደው ይበልጥ ይጣፍጣል። ጭማቂውን ስትሠሩ በመፍጫ ብዙ አታሽከርክሩት፤ ዘሩ ከተፈጨ ጣዕሙ ይሻክራል። ጥቂት ውኃ ጨምሮ በማንኪያ አሽቶ በወንፊት ማጥለል ከሁሉ ይሻላል፤ በጾም ወራት ቤታችን ከዚህ የሚወደድ መጠጥ የለም።

ሐረጉ አጥር ተሻግሮ ወደ ጎረቤት መውረዱ አይቀርም። ከመትከላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን አነጋግሩ፤ በእነሱ በኩል የሚወርደው ፍሬ የእነሱ እንደሆነም ከመጀመሪያው ተስማሙ። በእኛ በኩል እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን በበኩላቸው ያለውን እየገረዙ ስለሚጠብቁልን፣ ሐረጉ ሁለት ጠባቂ አግኝቷል።

ሲታመምና ሲያረጅ

ከሁሉ የከፋው በአፈር ውስጥ ከሚኖር ፉዛሪየም ከሚባል ፈንገስ የሚመጣው ጠውላጋ በሽታ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ሐረጉ በቀናት ውስጥ ይዝለፈለፋል፣ ግንዱ ከሥሩ ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይታያል። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማቃጠል፣ በዚያ ቦታም ይህን ተክል መልሶ አለመትከል ብቸኛው መንገድ ነው። በትልልቅ እርሻዎች የሐምራዊውን ቀንበጥ ቆርጠው ሥር ባለው የቢጫው ግንድ ላይ እያጣበቁ ይተክላሉ፤ የቢጫው ሥር ፈንገሱን ይቋቋማልና። ነገር ግን ቢጫው ብርድ ስለማይወድ ይህን ለመሐል አዲስ አበባ አልመክርም። በክረምት ቅጠልና ፍሬ ላይ የሚወጡት ቡናማ ክብ ነጠብጣቦች ሌላ ነገር ናቸው፤ የተነካውን ቆርጦ ማንሣትና በመግረዝ አየር ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ያቆማቸዋል።

ጤነኛ ሆኖ ቢቆይም ሐረጉ ዕድሜው አጭር ነው። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ፍሬው እያነሰ፣ ግንዱ እየጠነከረና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ከተክሉ ላይ በመጠንም በጣዕምም የተሻለውን ፍሬ መርጣችሁ ዘሩን አውጡና አፍሉ፤ ከመስቀል በኋላም ከአሮጌው ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ርቆ በሚገኝ፣ ከዚህ በፊት ፓሽን ፍሩት ባልተተከለበት የአጥሩ ክፍል፣ በአዲስ ጉብታ ላይ ትከሉት። አዲሱ ሽቦው ላይ ወጥቶ ማበብ ሲጀምር አሮጌውን ከሥሩ ቁረጡት፤ የደረቀውን ሐረግ ግን መጠምጠሚያው እስኪላላ አንድ ወር ያህል ጠብቁና አውርዱት፤ አለበለዚያ የአዲሱን ክንድ ይዞ ይወርዳል።